ሊቀ ቪዛ ይሻውና የዮርዳኖስ ሃያ አራት ሰዓት

በየከተማው፣ ረግጦት የማያውቀውን አገር ሕግ ከአገሬው አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ከተማዋ ትንሽ ከሆነች አንድ ይበቃታል፤ ሰፋ ካለች ሁለት ይኖሯታል፤ ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። እንዲህ ያለው ሰው ፓስፖርት የለውም። የሜልቦርን ተማሪ ስንት ሰዓት ሳህን ማጠብ እንደሚፈቀድለት፣ ለንደን ውስጥ የሥራ ሳምንት ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር፣ የትኛው ፎርም በምን ዓይነት ፎቶግራፍ ምክንያት እንደሚመለስ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። እሱ ራሱ ከቀዬው የወጣው ለጥምቀት ጎንደር፣ ለዓይን ሕክምና ባሕር ዳር ብቻ ነው።

የደብረ ታቦሩ የኔታ ይሻው ናቸው።

ገነት መናኸሪያው አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አላት። የኔታን በልቧ «ሊቀ ቪዛ» ብላ የሾመቻቸው እሷ ናት። ሊቀ ካህናት አለ፣ ሊቀ ጠበብት አለ፤ ይህ ማዕረግ ብቻ ጎድሎ ነበር። ሹመቱን ለደንበኞቿ ሁሉ ነግራለች፤ ለባለ ሹመቱ ብቻ አልነገረችም።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። የኔታ አንድ የክርስትና ካርድ ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡ። በዚያች ሰዓት አንድ ወጣት ስለ ካናዳ የውጭ ተማሪዎች ሕግ ከኢንተርኔት ያገኘውን ወረቀት ያሳትም ነበር። «ይኼ ምን ይላል?» አሉ። ገነት እንዳይቀየሟት ብላ ሁለት ሦስት መስመር ተረጎመችላቸው። «ቀጥዪ» አሉና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ተነሥተዋል ለማለት ያስቸግራል።

እንግሊዝኛ አያነቡም። ይህ ግን ለሊቅነታቸው እንቅፋት አልሆነም። ገነት ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ አንድ ጊዜ ያስደግሟታል። በማግስቱ ሕጉ የእሳቸው ሆኖ ይገኛል። እንዲያውም ገነት አንድ ቁጥር ብትስት የሚያርሟት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሕፃናት ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ ከዚያም በፊት በቅኔ ቤት ሲንከራተቱ የኖሩ ሰው ናቸውና በቃል መያዝ አይገዳቸውም። ቃሉን ከያዙ በኋላ ደግሞ አንድም፣ አንድም እያሉ እንደ መጽሐፍ ያፍታቱታል።

የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ሙላቴ ልጁ አውስትራሊያ ይማራል። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ «ልጄ በሁለት ሳምንት አርባ ስምንት ሰዓት ሥራ ተፈቅዶለታል፤ በሳምንት ሃያ አራት ማለት ነው» ብሎ አመለጠው። የኔታ በሐዘን አዩት።

«ሙላቴ፣ አርባ ስምንት የተባለውን ሃያ አራት ማን አደረገው? አንተ ነህ። ሕግ አውጪው ሃያ አራት ማለት ቢፈልግ ይል ነበር፤ አፍ አለው። በሁለት ሳምንት አርባ ስምንት ያለው፣ አንድም፣ ተማሪው በፈተናው ሳምንት ስምንት ሠርቶ በሌላው አርባ እንዲሠራ ነው። አንድም፣ የሰው ልጅ ሳምንቱ ሁሉ እኩል እንደማይሆን አውቆ ነው። አንድም...»

ሙላቴ ሦስተኛውን አንድም አልጠበቀም፤ ሱቄን ሳልዘጋ ነው የመጣሁት ብሎ ወጣ። ገነት ወረቀቱን አውጥታ አየች። የኔታ ትክክል ነበሩ። ከእሳቸው ጋር መኖርን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆናቸው።

አምና በአንድ ሠርግ ላይ የሙሽራይቱን ወንድም፣ «ቪዛህ ወጣልህ አሉ» ብሎ አንዱ እንኳን ደስ ያለህ ቢለው፣ የኔታ ጉርሻቸውን ወደ ትሪው መለሱት። «ቪዛው በር ነው፤ የትምህርት ፈቃዱ ቤት ነው። በር ስለገባ ቤት ያገኘ የሚመስለው ሰው ደጅ ያድራል» ብለው ጀመሩ። ሚዜዎቹ ሙሽራይቱን ይዘው ሊወጡ ተሰልፈው ነበር። የበሩና የቤቱ ልዩነት እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ፤ ሽማግሌ ሲናገር አቋርጦ መውጣት ነውር ነዋ።

ካናዳ በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ማለቂያ ላይ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ውጭ በሳምንት የሚሠራውን ሃያ ሰዓት ወደ ሃያ አራት ስታሳድገው፣ የኔታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም ይባላል። ገነት አንድ ቀን ብቻ ነው ትላለች። ያስከፋቸው አራት ሰዓት መጨመሩ አልነበረም፤ ሳይነገራቸው መጨመሩ ነው። በሦስተኛው ቀን ሃያ ብለው ያስተማሩትን ቤተሰብ ሁሉ እየዞሩ ማረም ጀመሩ። ለአንድ አባት ብለው በሚኒባስ ገሳይ ድረስ ሄዱ። ሲሳይ የሚባለው ያ አባት ድንች ሲቆፍር ነበር። የኔታ ከማሳው ዳር ቆመው፣ «ሲሳይ፣ ሃያው ሃያ አራት ሆኗል» አሉት። ሲሳይ ለጊዜው የአንድ ነገር ዋጋ የጨመረ መስሎት መቆፈሪያውን ጥሎ አማተበ።

ከከተማው ወደ ውጭ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ሁሉ ከኤምባሲው ቀጥሎ የሚፈራው የእሳቸውን ፈተና ነው። ፈተናው በአግዳሚው ላይ በቃል ይሰጣል።

«ስንት ሰዓት ተፈቅዶልሻል?»

«ሃያ አራት፣ የኔታ።»

«ሃያ አምስት ብትሠሪስ?»

«ሕግ መተላለፍ ነው።»

«አሠሪሽ መጥቶ፣ እባክሽ ዛሬ ብቻ አንድ ሰዓት ጨምሪልኝ ቢልሽስ?»

«አልጨምርም።»

«ቢያለቅስስ?»

እዚህ ላይ ብዙዎቹ ይሥቁና ይወድቃሉ፤ ደግመው እንዲመጡ ይታዘዛሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የጋፋቷ ዮርዳኖስ ግን ሳትሥቅ፣ «ቢያለቅስም አልጨምርም» ብላ አለፈች። የኔታ ጉልበታቸውን ስማ ስትነሣ መረቋት፤ እንዲህ ዓይነት ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም ብለውም ሳምንት ሙሉ አወሩላት።

ዘንድሮ በጥር ወር ጣጣ የመጣው በዚችው በዮርዳኖስ ነው።

እናቷ ፈንታነሽ ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል በእግር የምታስኬደው ጋፋት ውስጥ የምትኖር ገበሬ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን በጎረቤትና በዘመድ እገዛ ታሳርሳለች። ዮርዳኖስ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ ካናዳ የላቦራቶሪ ትምህርት ትማራለች፤ የተፈቀደላትን ሃያ አራት ሰዓት አንድ የአስቤዛ መደብር ውስጥ ዕቃ ስትደረድር ታሳልፋለች። ቅዳሜ ገበያ ቀን ፈንታነሽ ልጇ የገዛችላትን ስልክ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ገነት ሱቅ መጣች። የድምፅ መልእክት ነበረው። አግዳሚው ላይ የነበሩት ስምንት ሰዎች ሁሉ እንዲሰሙት ተደረገ።

«እማዬ፣ እዚህ እመቤቴ የምትባል የእስቴ ሴት አለች፤ ምግብ ቤት አላት። ሠራተኛዋ ለቅቃባት ተቸግራለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስት ሰዓት ያህል ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ሳህን እያነሣሁ እንዳግዛት ለመነችኝ። ብር አትሰጠኝም፤ በፈንታው የሳምንት ስንቄን ትሠራልኛለች፣ ከትምህርት ቤትም በመኪናዋ ታደርሰኛለች። እኔ ደግሞ ሃያ አራት ሰዓቴን መደብሩ ላይ ጨርሻለሁ። በዚህ ወር የትምህርት ፈቃዴን ማሳደስ ስላለብኝ ፈራሁ። ይኼ ይቆጠርብኝ ይሆን? የኔታን ጠይቂልኝ። ነገ እንድጀምር ትፈልጋለች።»

ሁሉም ወደ የኔታ ዞረ። የኔታ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ አስደግመውም አልሰሙ።

«ይኼማ ወንፈል ነው» አሉ።

አግዳሚው በሙሉ እፎይ አለ። ወንፈል ምን እንደሆነ ለደብረ ታቦር ሰው አይነገርም። ዛሬ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ የአንተን እወቃለሁ፤ ደሞዝ የለ፣ ውል የለ፣ የቀረ ሰው ግን ከሰው ተራ ይወጣል።

«ለመሆኑ» አሉ የኔታ፣ «በወንፈል የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ተቀጥሬ ሠርቼ መጣሁ ይላል? ለእገሌ ዋልኩለት ነው የሚለው። ሥራ ማለት ቅጥር ነው። አንድም፣ ዮርዳኖስ የክርስቲያን ልጅ ናት፤ በሰንበት ሥራ አትሠራም። እንግዲህ በሰንበት ያደረገችው ነገር ሥራ ሊሆን አይችልም። አንድም፣ የአገሯን ሴት በችግሯ ማገዝ ጽድቅ ነው፤ ጽድቅ ደግሞ በሰዓት አይለካም።»

ስምንቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙላቴ እንኳ ነቀነቀ። ገነት ወረቀቱን ልየው የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎባት ነበር፤ ነገር ግን የገበያ ቀን ነው፣ ሰልፉ እስከ ደጅ ደርሷል፣ ደግሞም የገበሬ ልጅ ናትና ወንፈል ሥራ አለመሆኑን እሷም ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። ፈንታነሽ ስልኩን አፏ ላይ ደግና፣ «ልጄ፣ የኔታ ይቻላል ብለዋል። ሂጂ አግዣት» አለች። ከዚያ ጨውና በርበሬዋን ገዝታ ደስ ብሏት ወደ ቀዬዋ ተመለሰች።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ደንበኛ አልነበረም። ገነት ያን ስድስት ዓመት ሙሉ ስታነብ የኖረችውን የካናዳ ገጽ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። ሁልጊዜ የምትጀምረው ሰዓቱ ከሚጠቀስበት ነበር፤ ሰው የሚጠይቃት እሱን ስለሆነ። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ሥራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳውን ክፍል አንድም ቀን ተርጉማው አታውቅም። ማን ሥራ ምን እንደሆነ ይጠፋዋል ብላ ታልፈው ነበር። አሁን አነበበችው።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሊቀ ቪዛ ሊሳሳቱ የሚችሉበት ቀን ስድስት ዓመት ዘግይቶ መጣ። ደስታው ግን አንድ ስኒ ሻይ እንኳ ሳያስጠጣ ጠፋ፤ ዮርዳኖስ ትዝ አለቻት።

የኔታ እንደ ወትሮው ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሳይቀመጡ አነበበችላቸው። «ሥራ ማለት ደሞዝ የሚከፈልበት ወይም ኮሚሽን የሚገኝበት ተግባር ነው፤ ወይም ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች በሥራ ገበያው ላይ ከሚሠሩት ጋር በቀጥታ የሚሻማ ተግባር ነው።»

ገነት አንድም እስኪሉ ጠበቀች። «ድገሚው» አሉ። ደገመችው። «ድገሚው» አሉ እንደገና። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያቺ የለቀቀችው ሠራተኛ ይከፈላት ነበር?»

«ይከፈላት ነበር እንጂ፤ ሠራተኛ ናት ብላለች እኮ።»

«እንግዲህ ዮርዳኖስ የገባችው በእሷ ቦታ ነው። ብር ተቀበለች አልተቀበለች፣ የአንድ ደሞዝተኛ ቦታ ይዛለች።» በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ተሳስቻለሁ» አሉ።

ገነት ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ብትሰማ ደስ የሚላት መስሏት ኖሯል። አላስደሰታትም። «እኔም አላነበብኩልዎትም፣ የኔታ» አለች። «እኔም አልጠየቅሁሽም» አሏት።

ለፈንታነሽ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። በጋፋት በኩል መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነበር። የኔታ በትራቸውን አንሥተው በሩ ላይ ደርሰዋል። መብራቱ እስኪመጣ ቢጠብቁስ ብትላቸው፣ «ቅዳሜ በሰው ፊት ነው የሳትኩት፤ በሰው ፊት ነው የምታረመው። ደግሞስ የሚመጣው እሑድ መብራት ይጠብቃል?» አሏት። ገነት የስልክ ቻርጅ መሙያ ባትሪዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ በሩ ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ለጠፈችና ተከተለቻቸው።

የኔታ ይሻውን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ያያቸው ሰው ቢኖር ያች የጋፋት መንገድ ብቻ ናት። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና በትራቸውን ተደግፈው ተናገሩ። «በቅኔ ቤት ሳለሁ ለአጨዳ ተቀጥሬ ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ጫማ ልገዛ ብዬ ነው። ስመለስ ጓደኞቼ አልፈውኝ ሄደዋል። ከዚያ ወዲያ አልደረስኩባቸውም። እነሱ ዛሬ ትልልቅ ሊቃውንት ናቸው፤ እኔ ፊደል አስቆጣሪ ሆኜ ቀረሁ። ሰዓት፣ ሰዓት እያልኩ ልጆቹን የማስጨንቃቸው ለዚህ ነው።» ገነት ስድስት ዓመት ሙሉ ስታሾፍባቸው የነበረው ነገር ከምን እንደመጣ ያን ቀን ሰማች።

ፈንታነሽ አውድማ ላይ ነበረች። ገብስ ይወቃል፤ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራያሉ፤ ስድስት ጎረቤቶች ለእሷ ውለዋል። ይኸውም በወንፈል ነው። ጎረቤቷ በላይነህ መንሹን ተክሎ ላቡን እየጠረገ፣ «የኔታ፣ ቤት ለእንግዳ» አላቸው። የኔታ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ወደ አውድማው ዳር ተጠጉ።

«ሁላችሁም ስሙኝ። ቅዳሜ ለፈንታነሽ፣ ወንፈል ሥራ አይደለም ብዬ ነገርኳት። ስሕተት ነው። ወንፈል ሥራ ነው።»

በሬዎቹ ሳይቀሩ የቆሙ መሰለ። በላይነህ መንሹን አየት፣ የኔታን አየት አደረገ።

«የኔታ፣ ይኼን ሊነግሩን ነው አንቱ ከከተማ ድረስ በእግርዎ የመጡት? ከጠዋት ጀምሮ ወገቤን የቆረጠኝ ታዲያ ምን መስሎዎት ነው?»

አውድማው በሣቅ ፈነዳ። የኔታ አልሣቁም። ፈንታነሽም አልሣቀችም፤ የገነትን ፊት አይታለች። ስልኩን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠቻት፤ ገነት ከባትሪው ጋር አገናኝታ አስነሣችው። ካናዳ ገና እየነጋ ነበር። ዮርዳኖስ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል አገኟት።

«ዮርዳኖስ፣ ይሻው ነኝ። ትናንት ሄድሽ?»

«ሄድኩ፣ የኔታ። ስድስት ሰዓት ቆየሁ።»

«መደብሩ ላይስ?»

«ያው ሃያ አራት።»

«ሠላሳ» አሉ የኔታ ለራሳቸው። ከዚያ የሕጉን ቃል እንዳለ አሰሟት።

«የኔታ» አለች ዮርዳኖስ ቀጥላ፣ «የማሳደሻው ፎርም ላይ ያለ ፈቃድ ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ሠርቼ አላውቅም ብዬ ዛሬ ልልከው ነበር።»

«አልላክሽውም?»

«አልላክሁትም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እውነቱን ትጽፊያለሽ። መጀመሪያ ግን ትምህርት ቤትሽ የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ የሚያይ ሰው አለ፤ ዛሬውኑ ሂጂና እንዴት እንደምትጽፊ እሱን ጠይቂ። እኔን አትጠይቂኝ። እሑድም እመቤቴ ዘንድ አትሂጂ፤ እሷን እኔ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ፈንታነሽ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የገብሱ ጭድ ላይ ተቀመጠች። «ትመለሳለች ማለት ነው?» አለች። ሁለት ዓመት የተማረችው፣ የቀራት ሁለት ዓመት፣ ሁሉም በዚያ ጭድ ላይ ከእሷ ጋር የተቀመጠ ይመስል ነበር። ቆይታ ቀና አለችና፣ «አንቱ ምን ያድርጉ፣ የኔታ። አምኜ የላክኋት እኔ ነኝ። ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ» አለቻቸው። ብትሰድባቸው ይቀላቸው ነበር።

በማግስቱ ዮርዳኖስ ለገነት በቴሌግራም ጻፈች። የትምህርት ቤቱ ሰው እውነቱን እንድትጽፍና የሆነውን የሚያብራራ ደብዳቤ እንድታያይዝ መክሯታል፤ ቢሆን ሊያድሱላት፣ ባይሆን ሊከለክሏት እንደሚችሉም አልደበቃትም። የኔታ ይህን ሲሰሙ፣ «ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ» አሉ። አልፈው ተርፈው ማኅተም ያስፈልገዋል አሉ። ገነት እዚያ አገር ማኅተም አይጠይቁም ብትል አልሰሙም፤ ማኅተም የሌለው እውነት አይተው አያውቁም። ወደ ዕድራቸው ጸሐፊ ሄዱ።

«ማን ሞተ?» አለ ጸሐፊው መዝገቡን እየሳበ።

«ማንም አልሞተም። እኔ ተሳስቼ ነው።»

ጸሐፊው በዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ለስሕተት የሚመታ ማኅተም ቢፈልግ አጣ። ሰውየው ፊታቸው ከለቀስተኛ የባሰ ስለነበረ ግን ባዶ ወረቀት ላይ ከታች መታላቸው። የኔታ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና ቆመው አስጻፉ።

«እኔ ይሻው ገብረመድኅን፣ በደብረ ታቦር ከተማ የምኖር፣ ሕጋችሁን በሙሉ ሳልሰማ አውቀዋለሁ ብዬ ተማሪ ዮርዳኖስን አሳስቻለሁ። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ጠይቃለች። የጠየቀችው እኔን ነው። በአገሬ ሰው ለሰው በየተራ ሲውል ሥራ አይባልም። በእናንተ አገር እንደሚባል አሁን አውቄአለሁ። ስድስቱ ሰዓት የእኔ ናቸው። በእኔ ላይ ይቆጠሩልኝ።»

ገነት የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ ተሳስታ ጻፈቻት፤ ፊደሎቹ አልታይ ብለዋት ነው። «ከስምዎ በፊት የኔታ የሚለውን ላግባው?» አለቻቸው። «ምንም አታግቢ። መምህር ብሆን ሙሉውን አስነብቤ እሰማ ነበር» አሉ። ገነት እሺ አለች። ወደ እንግሊዝኛ ስትገለብጠው ግን ከስማቸው ፊት መምህር የሚል ቃል ጨመረችበት። እንግሊዝኛ አያነቡምና አላወቁባትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ ወደ ሱቁ መምጣት አቆሙ። የመጀመሪያው ሳምንት ለገነት ዕረፍት ነበር፤ አንድም የሚል ሳይኖር ሥራ ይሠራል ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጸጥታው ከበዳት። በሦስተኛው ሳምንት ቤተሰቦች እየመጡ የኔታ የሉም ወይ ይሉ ጀመር። ገነት ሕጉን ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቃል ሳትዘል ታነብላቸዋለች። ልጇን ወደ ሃንጋሪ የምትልክ ፍቅርተ የምትባል ሴት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጠቻት በኋላ፣ «እሺ፣ ይኼ ንባቡ ነው። ትርጓሜውስ?» አለቻት። ነገ ደግማ ልትመጣ ሄደች።

የዮርዳኖስ መልስ የመጣው መጋቢት ሲገባ ነው። ገነት መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለፈንታነሽ ደወለች፤ ፈንታነሽ እልልታዋን እዚያው ስልኩ ላይ ለቀቀችው። ከዚያ ገነት «እመለሳለሁ» የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈችና ወደ የኔታ ቤት ወጣች። ጓሯቸው ውስጥ ጌሾ ሲኮተኩቱ አገኘቻቸው። ሲያይዋት መኮትኮቻውን ለቀቁት።

«ፈቃዷ ታደሰላት፣ የኔታ። ትምህርቷን እስክትጨርስ።»

የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው አመጡት። ገነት እስኪበቃቸው ድረስ ጌሾውን ስታይ ቆየች።

«ደብዳቤውን አንብበውት ይሆን?» አሉ ቆይተው።

«አላውቅም። መልሱ ላይ አልተጻፈም።»

«ካልተጻፈ አነበቡት አንበል» አሉ።

«የኔታ፣ ነገ ሦስት ቤተሰብ ይመጣል።»

«አንብቢላቸው።»

«አነበብኩላቸው፤ ንባብ ብቻ ነው አሉኝ። እውነቱን ልንገርዎት? ያለ እርስዎ ሳነበው ለእኔም አይጥመኝም። ናፍቀውኛል።»

የኔታ እንዲህ ያለ ነገር ተብለው አያውቁምና የሚያፍታቱበት አንድም ጠፋቸው። መሬቱን በበትራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«ደግሜ ብሳሳትስ?»

«ያኔ ደግሞ አብረን ሄደን እናርማለን።»

«ጋፋት ቅርብ ስለሆነ ነው እንዲህ የምትዪው። ነፋስ መውጫ ቢሆንስ?»

«ሚኒባስ አለ» አለች ገነት።